የክብሪቱ ግማሽ ከሳጥኑ ጎን ነው

በእኛ አገር አንድ ነገር ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ክብሪቱን የጫረው ማነው?» ተብሎ ነው። ጭዱን ማን እንደከመረው፣ ለምን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ እንደከመረው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሰሞኑን ወሬ ለዛሬ ትተን ስለ ራሱ ስለ ክብሪቱ እናውራ። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህች የእንጨት ስንጥር «ጥንቃቄ» የሚባለው ሸክም በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ ተብሎ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙግት የተካሄደባት ዕቃ ናት።

ወሎ ስለ እሳት የሚያወራው አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ቤተ አምሐራ ሲገባ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ አትሮንሰ ማርያምም እንዲሁ። የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ራሱ የመካነ ሥላሴን የወርቅ ጌጥ በአድናቆት ጽፎታል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲወርድ አምባውን አቃጥሎ ነው የሄደው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ጣሉ። ሣር ክዳን በሞላበት ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ቦምብ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

እነዚህን እሳቶች ማን እንደለኮሳቸው እናውቃለን፤ ጸሐፊ ነበራቸው። በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በከላላና በወግዲ ደጋ ላይ በአንድ ሌሊት ነዳ ያደረች ጎጆ ግን ዜና መዋዕል የላትም። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት የዚችኛዋን እሳት ነው።

አገሩን ለማያውቅ፦ ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቅስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ መካነ ሰላምን አልፎ፣ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ደጋ ብርዳምና ነፋሻ ነው። ገብስና ስንዴ ይዘራበታል፤ ዛፍ ከባሕር ዛፍ ሌላ እምብዛም ነው፤ ስለዚህ ማገዶው በአመዛኙ ኩበት ነው። መኸር ገብቶ ምርቱ ከተወቃ በኋላ የጭድ ክምር በየጓሮው ይቆማል። ደረቅ ጭድ፣ ሣር ክዳን፣ የበጋ ነፋስ፣ በቤት መካከል ደግሞ መሬት ላይ የሚነድ ምድጃ። ክብሪት ወደዚህ አገር ከመድረሱ በፊትም አደጋው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ያኔ እሳት እንዴት ይገኝ ነበር? ባልጩትና ብረት አጋጭቶ ማውጣት ነበር፤ ግን ያ የመንገደኛና የእረኛ ሥራ ነው። ባለቤቲቱ ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፤ ጧት አመዱን ገልጣ፣ ኩበት ፈርፍራ፣ እፍ ብላ ታቀጣጥለዋለች። ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል። «እትዬ፣ እማዬ እሳት ጭረህ ና ብላኝ ነው» ይላል፤ በገል ወይም በኩበት ላይ ፍም ተደርጎለት ይመለሳል። ፍሙ ሳይጠፋ መድረስ ስላለበት አይቀመጥም፤ ቡና እንኳ ቢቀርብ አይጠብቅም። ዛሬም ገብቶ ወዲያው ለሚወጣ እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው።

ቋንቋው ራሱ ታሪኩን ይዞታል። ፍም ከጎረቤት መውሰድ «መጫር» ነበር፤ ክብሪት ሲመጣም ግሡ ሳይቀየር ወደ ክብሪት ዞረ። ስሙ ግን እንግዳ ነው፤ በዐረብኛ «ኪብሪት» ድኝ ማለት ነው። ዕቃው የመጣበትን አቅጣጫ በስሙ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክብሪት አደጋን ብቻ አላመጣም። ነፋስ በሚያፏጭበት ደጋ ላይ ፍም የተሸከመ ሕፃን በሰው ጭድ ክምር ሥር እየሮጠ የሚያልፍበትን ዘመን አስቀርቷል። በምትኩ ያንኑ እሳት ወደ ሰው ኪስ፣ ወደ ትራስጌና ልጅ እጅ ወደሚደርስበት መደብ አገባው። አደጋው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ እንሻገር፤ ዛሬ በእጃችን ያለችው ክብሪት የተሠራችው በእነሱ ጣጣ ውስጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1826 ጆን ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ተፈትጎ የሚለኮስ እንጨት አገኘ፤ በዓመቱ ይሸጠው ጀመር። በ1830 ሻርል ሶሪያ የተባለ ፈረንሳዊ ነጭ ፎስፎረስ ጨመረበት። ይህኛው ድንቅ ሆነ፤ ግድግዳ ላይም፣ ጫማ ላይም፣ ድንጋይ ላይም ጫር ቢያደርጉት ይበራል። ችግሩም እሱ ነበር። ኪስ ውስጥ ሲተሻሽ ይነዳል፤ አይጥ ስትቆረጥመው ይነዳል፤ ሕፃን ከላሰው ይገድላል።

ከሁሉ የከፋው ግን በፋብሪካ ውስጥ የሆነው ነው። ክብሪት የሚነክሩትና በሳጥን የሚያሽጉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የፎስፎረሱን ትነት ሲተነፍሱ ይውላሉ። መጀመሪያ ጥርስ ያማል፤ ቀጥሎ ድድ ያብጣል፤ ከዚያ የመንጋጋ አጥንት እየበሰበሰ ይረግፋል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መንጋጋውን ቆርጦ ከማውጣት ሌላ መላ አልነበራቸውም። የሚገርመው መፍትሔው ቀድሞ መታወቁ ነው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ በ1844 ፎስፎረሱን ከክብሪቱ ራስ ላይ አንስቶ ወደ ሳጥኑ ጎን ወሰደው፤ መርዛማውን ነጭም በቀይ ፎስፎረስ ተካው። ዮንሾፒንግ በተባለችው ከተማ ሉንድስትሮም የሚባሉ ወንድማማቾች ይህን ክብሪት አሻሽለው ማምረት ጀመሩ፤ በ1855 በፓሪስ ዐውደ ርእይ ተሸለሙበት።

ታዲያ ነጩ ፎስፎረስ በዚያ ዓመት ቀረ? አልቀረም። አዲሱ ክብሪት ዋጋው ወደድ ይል ነበር፤ ገዢም የትም የሚጫረውን ይመርጣል። በሐምሌ 1888 በለንደን የብራያንት ኤንድ ሜይ ፋብሪካ 1,400 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቆሙ። ቅጣት እየተባለ ከደመወዛቸው የሚቆረጠውን ገንዘብ አስቀሩ፤ ከመርዙ ተለይተው ምሳ የሚበሉበት ክፍልም ተፈቀደላቸው። ፎስፎረሱ ግን በዚያ ፋብሪካ እስከ 1901 ቆየ። ፊንላንድ በ1872፣ ዴንማርክ በ1874 ከልክለው ነበር። በ1906 በበርን ከተማ መንግሥታት ተሰብስበው ነጭ ፎስፎረስ ያለበት ክብሪት እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ተስማሙ። ብሪታንያ ሕጓን በ1908 አወጣች። አሜሪካ ደግሞ በ1912 በ100 ክብሪት 2 ሳንቲም ቀረጥ ጣለችበትና ከገበያ አስወጣችው። ፓሽ መላውን ካገኘ ከ60 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለሠራተኞቹ የሚሰጣቸው ምክር እጃችሁን ታጠቡ፣ ጥርሳችሁን ታከሙ የሚል ነበር።

ስለዚህ ከሱቅ የምትገዟትን ሳጥን አገላብጣችሁ እዩዋት። ቡናማው ጎን ቀይ ፎስፎረስና የተፈጨ ብርጭቆ አለበት። በእንጨቱ ራስ ላይ ያለው ደግሞ እሳቱን የሚመግብ ፖታሲየም ክሎሬትና የሚነድ ድኝ ነው። ሁለቱ ሲፋተጉ ቅንጣት ያህል ፎስፎረስ ይቀጣጠልና ራሱን ይለኩሰዋል። ደኅንነቷ መለያየቷ ነው፤ ግማሿ ራሱ ላይ፣ ግማሿ ጎኑ ላይ።

አጫጫሯም ከዚሁ ይወጣል። ከመጫራችሁ በፊት ሳጥኑን ዝጉ፤ ተከፍቶ ከተጫረ አንድ ፍንጣሪ ገብቶ የቀሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ እጃችሁ ላይ ሊያነድዳቸው ይችላል። ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ወደ ውጭ ጫሩ፤ ራሱ ተሰብሮ ቢፈናጠር ዐይን ላይ እንዳያርፍ፣ ልብስ ላይ እንዳይወድቅ። ሲበራ እንጨቱን አግድም ያዙት፤ ራሱን ወደ ታች ከደፋችሁት ነበልባሉ ወደ ጣታችሁ ይወጣል። በክረምት ክብሪት ሲረጥብ ከምድጃ ዳር አስቀምጦ ማድረቅ አለ፤ እሱ ተዉት፣ ራሱ እዚያው ይቀጣጠላል። የጠፋ የሚመስለውን ስንጥር ጉዝጓዝ ወይም ሣር ላይ አትጣሉት፤ ውኃ ውስጥ ወይም አመድ ውስጥ ይግባ። ኩራዝ እየበራ ጋዝ አይጨመርበትም። የቡታጋዝ ምድጃ ከሆነ ክብሪቱ ይቀድማል፣ ጋዙ ይከተላል። ቤቱ ጋዝ ጋዝ ከሸተተ ደግሞ ክብሪት የሚባል ነገር አይነካም፤ በርና መስኮት ይከፈታል።

ልብስም ለውጥ አምጥቷል። የደጋ ሰው ይለብሰው የነበረው የበግ ጠጉር ባና እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ዛሬ ከገበያ የሚገዛው ናይለን ሻርፕና ቀሚስ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል ወይም በወፍራም ጋቢ ይታፈን። የተቃጠለ ቦታ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቅቤ አይቀባም። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል እየፈሰሰበት ይቆይ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ምክሩ በሙሉ የሚወድቀው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በእናቲቱ ላይ። ክብሪቱን የምትጭር እሷ፣ ሕፃኑን የምትጠብቅ እሷ፣ ሲቃጠልም የምትወቀስ እሷ። የለንደኖቹን ሴቶች «እጃችሁን ታጠቡ» ካለው ሰው በምን ተለየን?

በእኔ ግምት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የቤት ቃጠሎን ከማንኛውም ምክር በላይ ያቃለለው ቆርቆሮ ነው። ብርዱን አይችልም፣ ዝናብ ሲመታው ያደነቁራል፣ ለዐይንም እንደ ሣር ክዳኑ አያምርም፤ ግን ፍንጣሪ አይዘውም። ቀጥሎ የሚመጣው ምድጃው ነው። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ የሚወደደው ማገዶ ስለሚቆጥብና ጭስ ስለሚቀንስ ነው፤ ዋናው በጎነቱ ግን ለእኔ ነበልባሉን በግድግዳ አጥሮ መያዙ ነው። ዳዴ የሚል ሕፃን ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መሬት ላይ ባለ ምድጃ ውስጥ ይወድቃል፤ ከፍ ብሎ በታጠረ ምድጃ ውስጥ ለመውደቅ ግን ይከብዳል። ፓሽ በሳጥኑ ያደረገውን ምድጃው በቤት ውስጥ ያደርገዋል፤ የሚነደውንና የሚያነድደውን ይለያል።

ከቤት ውጭም ያው ነው። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ የምንለው፣ ከመካነ ሰላም ሩቅ አይደለም። ቀይ ቀበሮ አለበት፤ ከፍታው ላይ አስታ አለበት፤ አስታ ደግሞ በበጋ እንደ ክብሪት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ሲነድ ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቷል። በዚያ ከፍታ ላይ አንዴ የተነሳ እሳት በቅጠል አይጠፋም። እረኛውን «አትጫር» ከማለት ጎን ለጎን ብርዱን የሚያመልጥበት ጎጆና ለምድጃው የሚሆን በድንጋይ የተከበበ ቦታ ማዘጋጀት ይቻላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ስለ መጸዳጃና ስለ ክትባት ያስተምራሉ። እግራቸው እዚያ ከደረሰ ሦስት ነገር አብረው ማየት ይችላሉ፦ ምድጃው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሏል? ክብሪቱ የሚቀመጠው ልጅ በማይደርስበት ነው? የጭዱ ክምር ከቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል፣ ነፋሱስ የሚነፍሰው ወደ ቤቱ ነው ወይስ ወደ ሜዳው? ክምሩን ማንሳት ግን ለእናቲቱ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ በመኸር ወቅት በደቦ የሚከምሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ቦታውን የሚመርጡትም እነሱ ናቸው።