የጡረተኛ መምህራን ማኅበራትና የቅርንጫፎቻቸው ተግባር በአሜሪካ

የመምህርነት ሙያ ክብር የሚለካው መምህሩ በሥራ ላይ ሳለ በሚከፈለው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን፣ ጠመኔውን ካስቀመጠ በኋላ በሚኖረው ኑሮም ጭምር ነው። ይህ እውነት በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በሕግ አውጪዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። ለዚህም ብዙ የደከሙት በየግዛቱ የተቋቋሙት የጡረተኛ መምህራን ማኅበራት ናቸው። ማኅበራቱ የተጓዙበት መንገድ ለመምህራንም ሆነ የትምህርት ዕቅድ ለሚያወጡ ባለሙያዎች ጠቃሚ ትምህርት ይዟል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያች አገር የመምህራን ጡረታ የተጀመረው በማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን በየግዛቱና በየከተማው ነው። ኒው ጀርሲ በ1896 ለመላው ግዛቷ መምህራን የሚሆን የጡረታ ፈንድ አቋቋመች። ካሊፎርኒያም በ1913 ባወጣችው ሕግ፣ 30 ዓመት ላገለገለ መምህር በዓመት 500 ዶላር እንዲከፈል ደነገገች። ሕጉ በጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ቁርጥ ሆኖ የተወሰነ አበል የገበያው ዋጋ በናረ ቁጥር የመግዛት ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ከትምህርት ቤት የተሰናበቱት መምህራን ደግሞ በየቤታቸው ተበታትነው ስለሚኖሩ፣ የአንዱን ችግር ሌላው የሚያውቅበት መንገድ የጠበበ ነበር። በ1929 ላውራ ሴትል የካሊፎርኒያን ጡረተኛ መምህራን ማኅበር የመሠረቱት እነዚህን የተበታተኑ ድምፆች ለማሰባሰብ ነው።

በ1935 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የብዙ ሠራተኞችን እርጅና ቢያስብም፣ የግዛትና የከተማ መስተዳድር ሠራተኞችን አላካተተም። ምክንያቱም ማዕከላዊው መንግሥት በግዛቶች ላይ ግብር ለመጣል ያለው ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አኳያ አጠራጣሪ ስለነበረ ነው። በዚህም ሳቢያ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህራን ከሕጉ ውጭ ቀሩ። በ1950ዎቹ የወጡት ማሻሻያዎች ግዛቶች በስምምነት እንዲገቡ በር ከፈቱ። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ኦሃዮን የመሳሰሉት ግዛቶች ግን በአብዛኛው መምህራኖቻቸውን በየራሳቸው የጡረታ ፈንድ ብቻ ማስተዳደርን መረጡ።

የካሊፎርኒያው ማኅበር ካፈራቸው ሰዎች አንዷ ኤተል ፐርሲ አንድረስ ናቸው። እኚህ ሴት ከ1916 እስከ 1944 በሎስ አንጀለስ የአብርሃም ሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነው አገልግለዋል። ጡረታ ሲወጡ በማኅበሩ የደቡብ ክፍል የአባላት ደኅንነት ኃላፊነትን ተቀበሉ፤ ሥራቸውም የተቸገሩ አባላትን በየመኖሪያቸው እየዞሩ መጠየቅ ነበር። የማኅበሩ ታሪክ እንደሚያወሳው፣ በአንድ ወቅት ቀድሞ የስፓኒሽ ቋንቋ ያስተምሩ የነበሩ አንዲት አረጋዊት መምህርት የቤት ኪራይ መክፈል ተስኗቸው በዶሮ ቤት ውስጥ ሲኖሩ አገኟቸው። አንድረስ ይህን የአንዲት ሴት መከራ ብቻ አድርገው አልተመለከቱትም፤ በየግዛቱ የተበተኑ ማኅበራትን የሚያስተባብር አካል እንደሚያስፈልግ አመኑ። በ1947ም ብሔራዊ የጡረተኛ መምህራን ማኅበርን መሠረቱ።

የአዲሱ ማኅበር ዋነኛ ጥያቄ የሕክምና ወጪ ነበር። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ ሰዎችን የሚቀበል የጤና ኢንሹራንስ ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበረ፣ አንድረስ ያነጋገሯቸው ከ40 የሚበልጡ ኩባንያዎች ጥያቄውን ሳይቀበሉት ቀሩ። መፍትሔው የመጣው ከማዕከል ሳይሆን ከአንድ ግዛት ነው። የኒው ዮርክ ጡረተኛ መምህራን ሊዮናርድ ዴቪስ በተባለ የኢንሹራንስ ወኪል አማካይነት በቡድን የመድን ዋስትና ለማግኘት ቻሉ። አደጋው ለብዙ አባላት በመከፋፈሉ ኩባንያው ሊሸከመው የሚችል ሆኖ ተገኘ። ብሔራዊው ማኅበርም ይህንኑ አሠራር ተከትሎ በ1956 ለአባላቱ ሁሉ አዳረሰው። መምህር ያልነበሩ ጡረተኞችም የዚሁ ተካፋይ ለመሆን በመጠየቃቸው፣ በ1958 የአሜሪካ ጡረተኞች ማኅበር ተቋቋመ። መንግሥት ሜዲኬር የተባለውን የአረጋውያን የጤና መድን የደነገገው በ1965 ነው፤ መምህራኑ በራሳቸው ጥረት ከጀመሩት ከ9 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም እርምጃ ወደፊት የሚያራምድ አልነበረም። በ1977 እና በ1983 የወጡ ሁለት ድንጋጌዎች፣ ከግዛታቸው ጡረታ የሚቀበሉ ሰዎች ከማኅበራዊ ዋስትና የሚያገኙትን አበል ቀነሱ። የመጀመሪያው በባል ወይም በሚስት መብት የሚገኘውን፣ ሁለተኛው ጡረተኛው በሌላ ሥራ ዋጋ ከፍሎ ያገኘውን የሚነካ ነበር። የመጀመሪያው ክብደት በምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። አንዲት መምህርት ከግዛቷ በወር 1,500 ዶላር ጡረታ ብታገኝ፣ በ1983 በተሻሻለው ስሌት የዚሁ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 1,000 ዶላር ተቀናሽ ይሆናል። ከሟች ባሏ የሚተላለፍላት አበል 900 ዶላር ቢሆን፣ ተቀናሹ ከአበሉ ስለሚበልጥ ምንም አይደርሳትም ነበር። ከመምህራኑ አብዛኞቹ ሴቶች በመሆናቸው ጉዳቱ በመበለቶች ላይ ጠነከረ።

እነዚህን ድንጋጌዎች ለማስሻር ከካሊፎርኒያ፣ ከቴክሳስና ከሌሎችም ግዛቶች ማኅበራት ለአሥርተ ዓመታት አቤት አሉ። አባላቱ ለየአካባቢያቸው እንደራሴ የራሳቸውን የአበል ሒሳብ እያቀረቡ ያስረዱ ነበር። በመጨረሻም የተወካዮች ምክር ቤት በኅዳር 2024 በ327 ድምፅ ለ75፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2024 በ76 ድምፅ ለ20 መሻሩን አጸደቁ፤ ፕሬዚዳንቱም ጥር 5 ቀን 2025 ፈረሙበት። ከ2.8 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የዚህ ሕግ ተጠቃሚ ሆኑ፤ ከእነዚህም መካከል መምህራን፣ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች ይገኛሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ድንጋጌ 47 ዓመት፣ ሁለተኛው 41 ዓመት ሥራ ላይ ቆይተዋል፤ በዚህ መካከል ያለፉትን ጡረተኞች ካሳው አልደረሳቸውም።

የግዛቶቹም የቤት ሥራ አላለቀም። በቴክሳስ የመምህራን ጡረታ ከኑሮ ውድነት ጋር በራሱ አያድግም፤ እያንዳንዱ ጭማሪ በሕግ መፈቀድ አለበት። በኅዳር 2023 የግዛቲቱ መራጮች፣ የጡረተኞቹ ማኅበር በብርቱ የደገፈውን ጭማሪ በድምፃቸው አጸደቁ። ጭማሪው ጡረታ በወጡበት ዘመን መጠን 2፣ 4 ወይም 6 በመቶ ሲሆን፣ ቀድመው የወጡት ከፍተኛውን አገኙ፤ ዋጋ ሲንር ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱት እነርሱ ናቸውና።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ የጡረታ ሕግ ሲረቀቅ መጠየቅ ያለበት ማን እንደተካተተ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረም ነው፤ በ1935 የተተወው ቀዳዳ እስከ 2025 ድረስ መዘዝ አስከትሏልና። ሁለተኛ፣ አበሉ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚስተካከልበት ደንብ ከመጀመሪያው ካልተጻፈ፣ ጡረተኛው በየጊዜው ለማኝ ለመሆን ይገደዳል። ሦስተኛ፣ ችግሩን አስቀድሞ የሚያውቀው ጡረተኛውን በደጁ የሚጎበኘው ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ የመምህራንን ደመወዝና እድገት የሚያቅድ ክፍል፣ አገልግሎታቸውን የፈጸሙት በምን ሁኔታ እንደሚኖሩ በየወረዳው መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። ይህ መዝገብ በሌለበት የሚወጣ ዕቅድ፣ መምህሩን ከሥራው ዘመን ወዲያ አያየውም።