የኤርታ ዓሌ ድኝ በሁለት መዝገብ

ከመቀሌ ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ደጋው አልቆ መንገዱ ወደ አፋር ቆላ ሲያዘቀዝቅ ያገኘዋል። አርሆ የሚባሉት የጨው ነጋዴዎች አሞሌያቸውን በግመልና በበቅሎ ጭነው ወደ ከተማዋ ሲወጡ የኖሩት በዚሁ በኩል ነው። የኤርታ ዓሌን እሳተ ገሞራ ለማየት የሚሄድ ጎብኚም ብዙ ጊዜ ሲነሳ የኖረው ከመቀሌ ነው። ከዚያ ተራራ የሚወጣውና አፍንጫን የሚሰነፍጠው ጋዝ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ሰፍሮ ይገኛል። አንደኛው የተጻፈው በእሳተ ገሞራው አፍ ላይ ነው። ሁለተኛው የተጻፈው ተራራውን ሳያዩ፣ በኳንተም ማሽን ነው።

የመጀመሪያው መዝገብ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ቨርነር ጊገንባኽና ፍራንሷ ለጌርን 1130 ዲግሪ ገደማ ከሚግለው ቅልጥ ዐለት የሚወጣውን ጋዝ ሰብስበው ይዘቱን መረመሩ፤ ውጤቱንም በ1976 አሳተሙ። ከጋዙ 80 በመቶ ያህሉ የውሃ ትነት፣ 10 በመቶ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 7 በመቶ ያህሉ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። አዲስ አበባ በአብዮት ስትናጥ በነበረበት ዓመት የተሠራ ሥራ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የሄዱት ግን ከጋዙ ጋር አልተናነቁም። ጆርጂና ሶየር፣ ክላይቭ ኦፐንሃይመር፣ ቪችኮ ፃኔቭና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ምሁር ገዛኸኝ ይርጉ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ጋዙ የተለካው በሚውጠው ብርሃን ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ከብርሃን ውስጥ የራሱን ቀለማት ለይቶ ይውጣል፤ የጎደሉትን ቀለማት ማንበብ የጋዙን ማንነትና መጠን ማንበብ ነው። ይህ አሻራ ስፔክትረም ይባላል። በዚህ ዘዴ የውሃ ትነቱ ከ90 በመቶ በላይ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ሁለት ከግማሽ በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከ1974ቱ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው ተለውጧል፣ ተራራውም በመካከሉ 31 ዓመት ሲፈላ ኖሯል፤ ልዩነቱን ለአንዱ ብቻ ማሸከም ችኮላ ይሆናል።

አሻራን ለማወቅ ግን አስቀድሞ የተመዘገበ አሻራ ያስፈልጋል። ያ መዝገብ የተሞላው በዋናነት በቤተ ሙከራ ልኬት ነው። በስሌት ብቻ መድረስ ከባድ ነበር። ፖል ዲራክ በ1929 ለኬሚስትሪ የሚያስፈልጉት ሕግጋት በመሠረቱ ታውቀዋል፣ የቀረው ችግር እኩልታዎቹ ለመፍታት እጅግ መወሳሰባቸው ነው ብሎ ነበር። ሪቻርድ ፋይንማን በ1981 መውጫ ጠቆመ፦ ተፈጥሮ በኳንተም ሕግ የምትሄድ ከሆነ አስሊውም በዚያው ሕግ የሚሄድ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2018 በርክሌይ የሚገኝ ቡድን የሃይድሮጂንን ሞለኪውል ስፔክትረም በትንሽ የኳንተም ፕሮሰሰር አሰላ። ሃይድሮጂን ግን ሁለት አቶም ብቻ ነው።

ወደ እኛ ጋዝ የሚያደርሰው ወረቀት የወጣው በ2020 ሲሆን፣ የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ክሪስቶፈር ዋንግና ባልደረቦቹ የጻፉት ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሦስት አቶሞች ያሉት፣ መሐሉ ላይ የታጠፈ ሞለኪውል ነው፤ ክንዶቹ ይሳባሉ፣ ማጠፊያው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከሞለኪውሉ ኤሌክትሮን ሲነጠቅ ቅርጹ ድንገት ይቀየርና ሞለኪውሉ በአዲስ ንዝረት ይናጣል። ተመራማሪዎቹ ሁለት የማይክሮዌቭ ሳጥኖችን ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዘው በእያንዳንዱ ውስጥ የሚኖሩት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ፎቶኖች፣ የንዝረትን እርከን እንዲወክሉ አደረጉ። ከዚያም ፎቶኖቹን ቆጠሩ፤ በእያንዳንዱ ሳጥን እስከ 15 ድረስ መለየት ችለዋል። ቆጠራው ተደጋግሞ ሲደመር ስፔክትረሙ ብቅ አለ። የሞከሩት ውሃን፣ ኦዞንን፣ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድንና ሰልፈር ዳይኦክሳይድን ነው። ከአራቱ ሁለቱ ከኤርታ ዓሌ ጭስ ውስጥ ያሉ ናቸው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ማሽኑ ያወጣው ኤሌክትሮን ሲነጠቅ የሚታየውን ስፔክትረም እንጂ በ2005 በገሞራው አፍ የተነበበውን አይደለም። ሁለት ንዝረት ደግሞ ተራ ኮምፒውተር ሳይቸገር የሚያሰላው ነው፤ የወረቀቱ ክብደት ያለው የፎቶን አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ ንዝረቱ ሲበዛ ተራው ኮምፒውተር ይደክማልና። «የኳንተም ኮምፒውተር ኬሚስትሪን ፈታ» የሚል ወሬ በየቦታው ይሰማል፤ ይህ ወረቀት ግን ያን አይልም።



ወደ ተራሮቹ ስንመለስ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከኤርታ ዓሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ በአቅራቢያው አፍዴራ ላይ ወረደ፤ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ዘለቀ። ሳተላይቶች ሰልፈር ዳይኦክሳይዱን ከላይ ሆነው ተከታተሉት። ጋዙን የለዩትም በቤተ ሙከራ ተለክቶ በተመዘገበው በአሮጌው አሻራ ነው።