ፈንጣጣና መዝገቡ

በዛሬው የታሪክ ንግግራችን ስለ አንድ በሽታና ስለ አንድ መዝገብ እናወራለን። በሽታው ፈንጣጣ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ጠባሳውን ፊታቸው ላይ ይዘውት ይሆናል፤ ወጣቶቹ ግን ስሙን ብቻ ነው የምታውቁት። ስሙ ብቻ እንዴት ሊቀር ቻለ? ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንናገራለን፤ የአውሮፓውን ስንጠቅስ እናስታውቃችኋለን።

አስቀድመን መዝገብ ያልነበረበትን ጊዜ እንመልከት። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 መጀመሪያ ላይ ወባ ከቆላ ወጥቶ ወደ ደጋማው አገር ዘለቀ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ከዚያ ወዲያው በ1953 ዓ.ም. ቢጫ ወባ በደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ገባ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 100,000 ሰው ይዞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። «ይገመታል» የምትለዋን ቃል ልብ በሏት። ሰው ሲሞት የቆጠረ አልነበረም፤ ቁጥሩ የመጣው በኋላ፣ ቀባሪው ቀብሮ ከተመለሰ ወዲያ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት በዓለም ላይ ከተገኘ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ክትባቱ ነበረ፤ ወሬው ግን በጊዜው አልደረሰም።

ምንም አልተሠራም ነበር ማለታችን አይደለም። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ያወጣ ነበር። የወባ ማጥፊያ ድርጅትም ተቋቁሞ ነበር። ግን አገሩ ሰፊ ነው፣ መንገዱ ጥቂት ነው። ብዙው ሕዝብ የሚኖረው መኪና ከማይደርስበት ተራራና ሸለቆ ውስጥ ነበር።

የፈንጣጣ ማጥፊያው ሥራ በኢትዮጵያ የተጀመረው በጥር ወር 1963 ዓ.ም. ነው። ሠራተኞቹ ሲጀምሩ በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች፣ ከውጭ የመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኞችና ጥቂት የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች። ከነዚህ አንዱ ሲሮ ደ ኳድሮስ የሚባል የብራዚል ሐኪም ነበር። በዚህ ቁጥር አገሩን ሁሉ ልክተብ ቢሉ ዕድሜያቸው አይበቃም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያዙ፤ በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ ከማን እንደያዘው መጠየቅ፣ ከሰው መለየት፣ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ መክተብ። እሳት የያዘውን ጎጆ ከሌላው ጎጆ እንደ መለየት ያለ ነው።

ይህ ዘዴ ለፈንጣጣ ይሠራል። ፈንጣጣ እንስሳ ላይ አይደበቅም፤ ከሰው ወደ ሰው ብቻ ነው የሚሄደው። የታመመው ሰው ሽፍታው ፊቱ ላይ ይታያል። በሽታው ከገባ ጀምሮ እስኪታወቅ 12 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት የተከተበ ሰው ብዙውን ጊዜ ይድናል። ፈላጊዎቹ ገበያና ትምህርት ቤት እየሄዱ ፈንጣጣ የያዘውን ሕፃን ሥዕል ያሳዩ ነበር። «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» ይላሉ። ማንበብ የማይችልም ሰው ሥዕሉን ያውቀዋል፤ ተማሪ ከሆነ ደግሞ የመንደሩን ስም ጽፎ ይሰጣቸዋል።

አሁን ቁጥሩን እንይ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በኢትዮጵያ ተመዝግበው የነበሩት የፈንጣጣ በሽተኞች 722 ብቻ ነበሩ። ሥራው በተጀመረበት በ1971 ግን 26,329 ሆኑ! በሽታው በአንድ ዓመት ሠላሳ ስድስት እጥፍ አደገ ወይ? አላደገም። ድሮም ነበረ፤ የሚቆጥረው ነው ያልነበረው። ጥሩ መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ክፉ ወሬ ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ደንግጦ መዝገቡን የሚዘጋ ሹም ካለ በሽታው ይደሰታል። እዚህ ግን አልተዘጋም። በ1972 ወደ 17,000፣ በ1973 ወደ 5,400 ወረደ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በኢትዮጵያ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር፤ ከመቶ በሽተኛ አንድ ወይም ሁለት ቢገድል ነው። ሰው ብዙም ስለማይፈራው ሽፍታውን ይዞ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። በጎጃምና በሌላውም ደጋ የራሳቸው ከታቢዎች ነበሩ። ከበሽተኛው ቁስል ወስደው በጤነኛው ሰው ቆዳ ላይ ያኖራሉ። ይህ ልማድ ጥንታዊ ነው፤ ያለ ጥበብም የተፈጠረ አይደለም፣ እንዲህ የተከተበ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀለል ብሎት ይድናል። ግን እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሚሰጡ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛመታል። እንግዳ መጥቶ «የአባታችሁን ጥበብ ተዉ» ሲል ሰዉ ቢያባርረው አይፈረድበትም። ብዙ ቦታ ሥራው የተቃናው የአገሩ ተወላጅ የሆነ፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ሲላክ ነው።

በአብዮቱና በጦርነቱ ዓመታት ሥራው ቀጠለ፤ መኪና በማይገባበት በሄሊኮፕተር ይሄዱ ነበር። በመጨረሻ በሽታው በኦጋዴን በረሃ ዘላኖች መካከል ብቻ ቀረ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የታየው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር፣ በኤል ከሬ አውራጃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። ዘላኑ ድንበር አያውቅምና በሽታው ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ከ3,000 ሰው በላይ ያዘ። እዚያም ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. መርካ በተባለች ከተማ አሊ ማኦ ማሊን የሚባል የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ታመመ። መጀመሪያ ወባ ነው፣ ቀጥሎ ጉድፍ ነው ተባለ። ከእርሱ ጋር የተገናኙ 161 ሰዎች አንድ በአንድ ተፈልገው ተገኙ፤ ማንንም አልያዘም። በተፈጥሮ ከያዛቸው ሰዎች በዓለም የመጨረሻው እርሱ ሆነ። ድኖ ከርሞ በኋላ ለፖሊዮ ክትባት ሕዝቡን ሲቀሰቅስ ኖሯል።

ታዲያ «አለቀ» ተብሎ ተበተነ ወይ? እንዲያ ቢሆን ሥራው ሁሉ በከንቱ በቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለቀውን በሽታ ሲፈልጉ ቆዩ። ሽፍታ ያለበት ሕፃን ሁሉ ይታያል፤ ከቁስሉ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ጉድፍ መሆኑ ተረጋግጦ ይጻፋል። እዚህ ላይ በቅርቡ ቁጥር የተማራችሁ አድማጮች አንድ ነገር አስተውሉ። ባዶ መስመርና ዜሮ አንድ አይደሉም። ባዶ መስመር «ማንም አልፈለገም» ማለት ነው። ዜሮ ግን «ፈልገን አጣን» ማለት ነው፤ ሰው እግሩን አድክሞ የጻፈው ቁጥር ነው። በጥቅምት 1972 ዓ.ም. የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠው በነዚህ ዜሮዎች ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም ሁሉ ነፃ መሆኑ ታወጀ።

አንድ ቅር የሚለን ነገር አለ። ያ ሁሉ ድርጅት የተቋቋመው ለአንድ በሽታ ነበር፤ በሽታው ሲጠፋ የድርጅቱም ሥራ አበቃ። በ1972 ዓ.ም. የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ገጠር የመድረሱን ችግር እንደገና መጋፈጥ ግድ ነበር። ሁሉንም ወረርሽኝ በአንድነት የሚከታተልና አደጋ ሲደርስ የሚንቀሳቀስ አሠራር በአገሪቱ የተዘረጋው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ነው። በየሳምንቱ ከጤና ተቋም ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት የዚያ የአሮጌው መዝገብ ልጅ ነው።

ለልምምድ በደብተራችሁ ላይ እነዚህን ቃላት ጻፉ፦ ፈንጣጣ፣ ክትባት፣ መዝገብ፣ ወረርሽኝ። ከሥራቸው 722ንና 26,329ን ጽፋችሁ የትኛው እውነቱን ይበልጥ እንደሚናገር ከጎረቤታችሁ ጋር ተነጋገሩ።