የት ደረሰህ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ምደባው ሲታወቅ፣ ያገሬ ሰው ልጁን «ምን ልትማር ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «የት ደረሰህ?» ነው የሚለው፤ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ። ይህች ጥያቄ ከየት መጣች ብዬ ወደ ታሪክ መጻሕፍት ዞርኩ። መጻሕፍቱ ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ሚኒስቴር በሰፊው ያወራሉ። አባትና እናት ምን አሉ? ልጁንስ ማን መከረው? ይህን የሚፈልግ ሰው ግን ከየመስመሩ መሐል መልቀም አለበት። እኔም የለቀምኩትን ያህል ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የወላጅ ጥያቄ የሃይማኖት ጥያቄ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። እንዲያው የሆነ ነገር አይደለም። ካህናቱ፣ ልጁ ፈረንጅ እጅ ገብቶ ሃይማኖቱን ይለውጣል ብለው ስለ ፈሩ፣ መምህሩ ከእስክንድርያ መንበር ልጆች ቢሆን ይሻላል ተብሎ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላም ያው ፍርሃት አልጠፋም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ኃላፊው ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት፣ የጄዝዊት ማኅበር ካህን ነበሩ። በሱስንዮስ ዘመን የሆነውን ለሚያስታውስ ሕዝብ ጄዝዊት የሚለው ስም ቀላል ስም አይደለም። ስለዚህ ካህናቱ ቀሚሳቸውን አውልቀው፣ በተራ ልብስ፣ ያለ ስብከት እንዲያስተምሩ ተደረገ። ወላጅ በስብሰባ ተጠርቶ አስተያየት አልሰጠም፤ ግን እዩት፣ ዝምታው ራሱ የመምህሩን ልብስ አስለወጠ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ይመለስ ይሆን?» የሚለው ነው። ከኮሌጁ በፊት ከፍተኛ ትምህርት ማለት ባሕር ማዶ ማለት ነበር፤ ማን እንደሚሄድና ምን እንደሚማር የሚወሰነውም ከላይ ነው። መላኩ በያን በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ዘመን ወደ አሜሪካ ተላከ፤ በሀዋርድ ዩኒቨርስቲ ሕክምና ተማረ። ወደ አገሩ ገብቶ በጦርነቱ ጊዜ አገለገለ። ከወረራው በኋላ ግን ለኢትዮጵያ ድጋፍ ለማሰባሰብ እንደገና አሜሪካ ሄደ፣ እዚያው በ1932 ዓ.ም. ሞተ። አገር ቤት የነበሩትን ወጣት ምሁራን ደግሞ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስት እያደነ ፈጃቸው። «ልጄን ለትምህርት ብሰጥ አጣዋለሁ» ያለች እናት እንግዲህ ኋላ ቀር ናት? የቆጠረችውን ነው የተናገረች።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ፤ ነገሩን የቀሰቀሰብኝም እሱ ነውና። አባባ በ1964 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ዩኒቨርስቲ የሚባለው ነገር ሐኪምና አስተማሪ የሚወጣበት አንድ ትልቅ ቤት ይመስለው ነበር አሉ። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ማትሪክ ምን እንደሆነ በሰሙት ልክ ነው የሚያውቁት። የትምህርት ቤቱ ሹም ፎርም ያስሞላል፣ ፎርሙ ላይ ያለውን ግን አያስረዳም። ታዲያ ያን ዓመት አንድ የሰርቪስ አስተማሪ መጣ።

ሰርቪስ ምን እንደነበረ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዩኒቨርስቲ ከሆነ በኋላ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወጥቶ እንዲያገለግል ተወሰነ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆነው ሄዱ። ሕጉ የታሰበው ለአስተማሪ እጥረትና ተማሪው አገሩን እንዲያውቅ ነበር፤ ጸሐፊዎችም ውጤቱን ሲያወሩ ተማሪው የገጠሩን ድህነት አይቶ መመለሱንና ፖለቲካውን ማሟሟቁን ነው የሚያነሡት። ልክ ነው። ግን በሌላ በኩልም የሆነ ነገር ነበር። በክፍለ አገር ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዩኒቨርስቲ ገና ትናንት የመጣ፣ ነገም ወደዚያው የሚመለስ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ተገኘ! የሰላም ጓድ አሜሪካኖችም ነበሩ፣ ክፉ አልነበሩም፤ ግን አምስት ኪሎ ምን እንደሚበላ ከየት ያውቃሉ?

የአባባ አስተማሪ ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው። ከክፍል በኋላ ተማሪዎቹን አስቀርቶ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የአዲስ አበባን ካርታ ሣለላቸው፦ አውቶቡስ የሚያወርደው እዚህ ነው፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ነው፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ፣ ስድስት ኪሎ ሕግና ሥነ ጽሑፍ። እርሻ የፈለገ ዓለማያ፣ ጤና ጥበቃ የፈለገ ጎንደር። አባባ «ሕግም ይማሩታል እንዴ?» ብሎ መጠየቁን እስካሁን እየሳቀ ይናገራል። ያ ሰው እሑድ እሑድ በየተማሪው ቤት እየሄደ ጠላ ቀምሶ ከአባቶች ጋር ያወጋ ነበር። የአባባን አባት ያሳመናቸውም ምክሩ አይደለም አሉ። «የዚህ ልጅ አባት ማን ይሆን? ልከው አላጡትም» ብለው ነው ወይፈን ሸጠው ኮትና ብርድ ልብስ የገዙ።

አባባ በ1965 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ገባ። በዓመቱ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ዕቅድ ወሬ ወጣ። ለሁሉም ልጅ አራት ዓመት ትምህርት፣ ከዚያ ወዲያ ላይ የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ የሚል ነበር። አጥኚዎቹ የአገሩን ገንዘብ አስልተው ያወጡት ነው፤ ፍጹም እብደት ነው ለማለት አልደፍርም። ወላጅ ግን ወዲያው ገባው፦ የሀብታም ልጅ ዩኒቨርስቲ፣ የእኔ ልጅ አራተኛ ክፍል። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከደመወዛቸው ጥያቄ ጋር ይህንኑ ዕቅድ ይቃወሙ ነበር፣ ወላጁም ከኋላቸው ነበረ። ዕቅዱ በዚያው ሰሞን ታገደ። የካቲትን በቤንዚን ዋጋና በወታደር ደመወዝ ብቻ የሚተርክ ሰው ግማሹን ነው የተረከው፤ ኮሌጅ ምን እንደሆነ አይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ልጃችን እዚያ የመድረስ መብት አለው ብለው ተነሥተዋልና።

ከዚያስ? በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ዘመቻ ታወጀ፤ የዩኒቨርስቲውና የሁለተኛ ደረጃው ተማሪ፣ ወደ 60,000 የሚሆን፣ ከአስተማሪዎቹ ጋር ወደ ገጠር ሄደ። የሰርቪስም ነገር በዚሁ አበቃ። አባባ ዘምቶ ሲመለስ አባቱ ሞተዋል፣ ታናናሾቹ አሉ፤ ስድስት ኪሎን ድጋሚ አላያትም። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ተከትሎ በመጣው የቀይ ሽብር ዘመን የወላጅ ዕቅድ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጁን በሕይወት ማቆየት። ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፣ አልደግመውም። ከዚያ ሶቪየትና ኩባ የሄዱት አሉ፤ የእነሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። በሩ ሰፋ ስንል ፈተናው ሌላ ሆነ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርስቲ ግቢ ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ደረሰ። የብዙው ልጅ የዩኒቨርስቲ ትውውቅ እንግዲህ ይኸው ነው፤ በር ላይ ተፈትሾ ገብቶ፣ ተፈትኖ፣ መውጣት። የወላጅ ጥያቄም ተለወጠ። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ተማሪ ሲገደል፣ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርስቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሴት ተማሪዎች ሲታገቱ ያየ ወላጅ «ምን ይማራል?» ለማለት ጊዜ የለውም። «የት ደረሰህ?» ያለው መንገዱን ሊያሰላ ነው።

ባለፈው ክረምት እኅቴ አለፈች። ምርጫዋን ስትሞላ አባባ አጠገቧ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣ የእያንዳንዱን ግቢ ስም እያስነበበ «ይህን የሚያውቅ ሰው አለን?» ይላታል። የደረሳት እኔ ረግጬው የማላውቀው ከተማ ነው። እማዬ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ከዶርም ጓደኞቼ አንዱ የዚያ ከተማ ልጅ ነውና ደወልኩለትና ስልኩን ሰጠኋት። ግማሽ ሰዓት አወሩ፦ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ውኃው ስንት ቀን እንደሚጠፋ፣ ብርዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከግቢው ምን ያህል እንደሚርቅ። እሱ ሲጨርስ እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ እናትህ ስልክ አላት? ቁጥሯን ስጠኝ እስቲ» አለችው።