ማገዶና ምድጃ በአዲስ አበባ ታሪክ

በታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ይነበባል፤ ሰው ቤቱን ስላሞቀበትና ምግቡን ስላበሰለበት እሳት ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የከተማን ዕድል የሚወስነው አንዳንድ ጊዜ ማገዶ ነው። ለዚህ አዲስ አበባ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ዳግማዊ ምኒልክ ቀድሞ የተቀመጡበት እንጦጦ ከፍታው ከ3000 ሜትር የሚበልጥ፣ ብርድ የጸናበት ጋራ ነው። ለቤተ መንግሥቱና ለሠራዊቱ በየቀኑ የሚነደው እንጨት ዙሪያውን አራቆተው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ለመዛወሩ ምክንያት ከሆኑት መካከል ብርዱና የማገዶው እጦት ይገኙበታል።

ችግሩ ግን አብሮ ወረደ። ገና አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ፣ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀመሩ። ከተማዪቱን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች ዋነኛው ቀደም ሲል በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ሆኖም ዛፍ መትከል የችግሩን ግማሽ ብቻ ፈታ፤ ሌላው ግማሽ ምድጃው ነበር። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ በየጎኑ ስለሚበተን ድስቱ ዘንድ የሚደርሰው ሙቀት ጥቂት ነው። በደጋ ምሽት የተረፈው ቤቱን ያሞቃል ቢባልም፣ ከጭስ ጋር የሚመጣ ሙቀት ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። የቆርቆሮ ማንደጃም ሙቀቱን በስሱ ግድግዳው በኩል ያባክናል።

በጎረቤት ኬንያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከታይላንድ በተገኘ ልምድ የብረቱ ምድጃ፣ ማለትም «ጂኮ»፣ ውስጡ ሸክላ ለበሰ። ሸክላው ሙቀትን አምቆ ይይዛል። በአገራችንም በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃ በዚሁ ዘዴ ተዘጋጀች፤ ለእንጀራም «ምርጥ» ምድጃ ተሠራ። ላቀች ከቆርቆሮው ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል፣ ምርጥ ደግሞ ከጉልቻው እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ እንደሚያድኑ በሙከራ ታይቷል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ እውነት ነው፤ ስለ ማገዶው ግን ታሪኩ ሌላ ያስረዳል። ቢሆንም ጥሩ ምድጃም ካልተያዘ ጥቅሙ ይጠፋል። አመዱ ካልተጠረገ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ አየር ያጣ ፍምም ይሞታል። በጋለ ሸክላ ላይ ውሃ ቢፈስ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ካልተለወጠ ምድጃው ወደ ቆርቆሮነቱ ይመለሳል። የአየር መግቢያው በር ከጎበጠ እሳቱን መመጠን አይቻልም። ከሁሉ በላይ፣ ከሰል የቱንም ያህል ጥሩ በሆነ ምድጃ ቢነድ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ይወጣዋል። ስለዚህ ለሙቀት ብሎ በተዘጋ ቤት ፍም አኑሮ መተኛት ሕይወትን ያሳጣል።

መምህራን ይህን ታሪክ በክፍል ሲያስተምሩ በሙከራ ቢያስደግፉት ይበጃል። እኩል ከሰል መዝነው፣ በግቢ ውስጥ አንዱን በቆርቆሮ፣ ሌላውን በሸክላ ምድጃ ያንድዱ፤ እኩል ውሃ ያፍሉ፤ የተረፈውንም ከሰል ይመዝኑ። ተማሪው የከተማውን ታሪክ በሚዛኑ ላይ ያነበዋል፤ ማታም ቤቱ ሲገባ የእናቱን ምድጃ አመድ ሳይጠርግ አያልፍም።