ሳክስፎን በአውሮፓ የራሱን ድምፅ ያገኘበት ዘመን

«በሰው ወርቅ አይደመቅም» የሚለው ያባቶቻችን ተረት ለልብስና ለጌጥ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለጥበብም ያገለግላል። ከሌላ ሕዝብ ጥበብ መቀበል ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የተቀበለው ሰው የራሱን ሳይጨምርበት ከቀረ፥ የሚያሰማው የሌላውን ድምፅ ብቻ ይሆናል። ለዚህ አሳብ ምስክር ከሚሆኑት የታሪክ ማስረጃዎች አንዱ፥ ከ1970 እስከ 1979 በአውሮፓ የተቀረጹት የሳክስፎን ሸክላዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ይገባናል። ሳክስፎን በትውልዱ አውሮፓዊ ነው። ፈጣሪው አዶልፍ ሳክስ በ1814 በቤልጅግ አገር ዲናን በተባለች ከተማ ተወለደ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1846 በፓሪስ አስመዘገበ። የመሣሪያው አካል ከነሐስ የተሠራ ሲሆን፥ ድምፁን የምታስነሣው ግን እንደ ክላሪኔት ሁሉ ከሸምበቆ የተሠራች ቀጭን ምላስ ናት። ስለዚህ የጥሩምባን ኃይልና የዋሽንትን ልስላሴ አንድ ላይ ያጣምራል። አውሮፓውያን ግን ይህን ልጃቸውን ለብዙ ዘመን ያሰለፉት ይበልጡን በወታደር የማርሽ ጓድ ውስጥ ነበር። ልቅሶና ሳቅ፥ ጸሎትና ቁጣ እንዲናገር ያደረጉት ከውቅያኖስ ማዶ የተቀበሉት የአሜሪካ ጥቁር ሕዝቦች ናቸው። ኮልማን ሆኪንስ፥ ሌስተር ያንግ፥ ቻርሊ ፓርከርና ጆን ኮልትሬን እያንዳንዳቸው በየተራ ለመሣሪያው አዲስ አንደበት ሰጡት።

እንግዲህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ ወጣት የጃዝ ሳክስፎን ለመማር በተነሣ ጊዜ፥ ዋናው መምህሩ ከአሜሪካ የመጣ ሸክላ ነበር። መርፌውን እየመለሰ ያዳምጥ፥ የሰማውንም እየደጋገመ ይነፋ ነበር። ይህ ታላቅ ትምህርት ቤት ለመሆኑ አንጠራጠርም፤ ችግሩ ግን ተማሪው በበረታ መጠን የመምህሩ ጥላ ወደ መሆን መቃረቡ ነው። የኮልትሬንን ኑሮ ያልኖረ ሰው በኮልትሬን ድምፅ ስለ ምን ይናገራል? የዚያ ትውልድ ሙዚቀኞች ሊመልሱት የተገደዱት ጥያቄ ይህ ነበር።

ከመልሶቹ አንዱ ከእንግሊዝ አገር መጣ። ኢያን ካር የተባለው ጥሩምባ ነፊ ያቋቋመው ኒውክሊየስ የተሰኘው ጓድ፥ በ1970 «ኢላስቲክ ሮክ» የተባለውን ሸክላ አወጣ። በዚህ ጓድ ውስጥ ብራያን ስሚዝና ካርል ጄንኪንስ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። ሥራቸው የጃዝን ነጻ አነፋፍ ከሮክ ምትና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ማዋሐድ ነበር፤ ፊውዥን የሚባለውም ይኸው ውሕደት ነው። ሶፍት ማሽን የተባለው ጓድም በዚያው ዓመት «ሦስተኛ» በሚል ስም ሁለት ሸክላ ያለው ሥራ ሲያሳትም፥ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ረዥም ድርሰት ብቻ አኖረ፤ የሳክስፎኑም ነፊ ኤልተን ዲን ነበር። እነዚህ ሰዎች አዲስ ልብስ እንደሰፉ አይካድም። ይሁን እንጂ ሮክም ቢሆን ሥሩ ከአሜሪካ ስለሆነ፥ የሀገራቸውን ድምፅ የመፈለጉ ጉዳይ ገና አልተፈጸመም ነበር።

ሌላው መልስ የመጣው ከሰሜን፥ ከኖርዌይ ነው። ጃን ጋርባሬክ በ1947 ከፖላንዳዊ አባትና ከኖርዌጃዊት እናት ተወለደ። አባቱ በጦርነቱ ተማርኮ የነበረ ሰው ነው፤ ልጁም እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ የየትም አገር ዜግነት አልነበረውም። በ14 ዓመቱ የኮልትሬንን ሙዚቃ በራዲዮ ሰምቶ ልቡ ስለ ተነካ፥ ሳክስፎን መማር ጀመረ። እሱም እንደ ጓደኞቹ በመምህሩ ጥላ ሥር ነው ያደገው። የሚያስደንቀው ነገር፥ ወደ ገዛ ሀገሩ ዜማ ፊቱን እንዲመልስ ካበረታቱት ሰዎች አንዱ ዶን ቼሪ የተባለው አሜሪካዊ ጥሩምባ ነፊ መሆኑ ነው። እውነተኛ መምህር ደቀ መዝሙሩን ወደ ራሱ ሳይሆን ወደ ቤቱ ይልከዋል።

ማንፍሬድ አይከር በ1969 በሙኒክ ከተማ ኢ.ሲ.ኤም. የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። በመስከረም 1970 ጋርባሬክ ከጊታር መቺው ከቴርየ ሪፕዳል፥ ከባስ መቺው ከአሪልድ አንደርሰንና ከከበሮ መቺው ከዮን ክሪስተንሰን ጋር ሆኖ «አፍሪክ ፔፐርበርድ» የተባለውን ሥራ በኦስሎ ለዚህ ድርጅት ቀረጸ። በዚያ ሸክላ ላይ የሚሰማው ድምፅ ገና የሚጮኽና የሚታገል ነው። በ1972 በተቀረጸው «ትሪፕቲኮን» ላይ ግን የኖርዌይ ባላገር የሙሽራ ማጀቢያ ዜማ ገባበት። በ1976 በተቀረጸው «ዲስ» ላይ ደግሞ ሳክስፎኑ በባሕር ዳር ነፋስ ራሱ ከሚመታው የነፋስ በገና ጋር ተጣምሮ ይሰማል። አነፋፉ ከተራራ ወደ ሸለቆ መንጋውን የሚጠራ እረኛን ይመስላል፤ ጥቂት ይናገራል፥ ከዚያም ዝም ብሎ ገደል ማሚቶው እስኪመልስለት ይጠብቃል። የድምፅ ባለሙያው ያን ኤሪክ ኮንግስሃውግም ያንን ዝምታ ከሙዚቃው እንደ አንዱ ክፍል ቆጥሮ ይቀርጸው ነበር።

በዚህ መካከል መንገዱ ተገላበጠ። በ1974 አሜሪካዊው ፒያኖ መቺ ኪት ጃሬት ራሱ ወደ ኦስሎ መጥቶ ከጋርባሬክና ከሁለት የስካንዲናቪያ ሙዚቀኞች ጋር «ቢሎንጊንግ» የተባለውን ሸክላ ቀረጸ። ትናንት ከአሜሪካ ይማሩ የነበሩት ዛሬ የሚሰጡት ነገር እንዳላቸው ታየ።

እንግሊዛዊው ጆን ሰርማንም ከዚሁ ወገን ነው። በልጅነቱ በመዘምራን ጓድ ውስጥ ይዘምር የነበረው ይህ ሰው፥ ከማይክ ኦስቦርንና ከአለን ስኪድሞር ጋር ሆኖ ሦስቱም ሳክስፎን ነፊዎች የሆኑበትን ኤስ.ኦ.ኤስ. የተባለ ጓድ አቋቋመ፤ ሸክላቸውም በ1975 ተቀረጸ። በ1979 ደግሞ «አፖን ሪፍሌክሽን» በተባለው ሥራው፥ ራሱ የነፋውን ድምፅ በራሱ ድምፅ ላይ እየደራረበ ብቻውን እንደ ማኅበር ዘመረ።

እርግጥ ነው፥ ይህ ሙዚቃ ቀዝቃዛ ነው፥ የጃዝን ትኩስ ምት ጥሎአል ብለው የነቀፉት አልታጡም። ነቀፋውን ከንቱ ነው አንለውም፤ ከዝምታ ብዛት ድምፁ የሚሳሳበት ጊዜ አለና። ሆኖም የኖርዌይ ሰው በሀገሩ ብርድ ቢነፋ ሐሰት አልተናገረም።

ይህን ታሪክ ስናነብ የራሳችንን ጌታቸው መኩሪያን ሳናስታውስ ለማለፍ አንችልም። ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወልደው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ የጀመሩ ሲሆን፥ ገና በ1950ዎቹ ዓመታት የጀግናውን ሽለላና ፉከራ ከአፍ ወስደው በሳክስፎን ያሰሙ ነበር። ሰሜኖቹ በ1970ዎቹ የደረሱበትን ነገር፥ ይኸውም የባዕድን መሣሪያ በሀገር ቋንቋ ማናገርን፥ እሳቸው ማንም ሳይመራቸው ቀደም ብለው አድርገውታል። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ጓድ ዝናቸውን ሰምቶ አብሮአቸው ተጫወተ፤ «ሞዓ አንበሳ» የተባለውንም ሥራ በ2006 ከሳቸው ጋር አወጣ። አውሮፓውያኑ የፈለጓቸው የአሜሪካንን አነፋፍ በሚገባ ስለ ቀዱ አልነበረም፤ እሱን የሚያውቅ በሀገራቸው ሞልቶአል። የፈለጓቸው ሽለላውን ነው። ጌታቸው በ2016 ቢያርፉም ሸክላቸው ይኸንኑ ይመሰክራል።

ስለዚህ የውጭ አገር መሣሪያ ባሕላችንን ያጠፋብናል ብለን ከመስጋታችን በፊት፥ መሣሪያውን የያዘው ልጃችን የእረኛውን፥ የአዝማሪውንና የፎካሪውን ዜማ ያውቀው እንደ ሆነ ብንጠይቅ ይሻላል። ሳክስፎን የያዘው ሰው የሰጠውን ይናገራል፤ ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ግን የሚመልስለት የጎረቤቱን ድምፅ ነው።