ጥያቄው ሳያልቅ

የ1966ቱን አብዮት ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጡብኝ ሁለት ጉባኤዎች ናቸው። አንደኛው ይጠይቃል፤ ሁለተኛው እጅ ያወጣል።

የመጀመሪያው በዚያው ዓመት የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ነው። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ የወሎን ረሃብ ጨምሮ የቀድሞዎቹን ባለሥልጣናት ሥራ እንዲመረምር ታዞ ሰነድ ያገላብጥ፣ ቃል ይቀበል ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ላይ ሳሉ የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ የጻፉት ለዚሁ ኮሚሽን ነው። ጽሑፉ ዛሬ በመጽሐፍ ታትሞ በእጃችን ይገኛል። ሳነበው ልቤን የሚነካው፣ የሚሰማኝ አለ ብሎ የሚጽፍ ሰው እምነት ነው።

ሁለተኛው ጉባኤ ደርግ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የእስረኞቹ ስም እየተጠራ ድምፅ ተሰጠባቸው። መርማሪ ኮሚሽኑ ገና ሥራውን አልጨረሰም ነበር። በዚያች ሌሊት አክሊሉን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ተገደሉ።

አብዮት ጊዜ አይሰጥም የሚሉ አሉ። የኤርትራ ጉዳይና ከጄኔራል አማን አንዶም ጋር የተፈጠረው ጠብ ደርግን አስጨንቆት እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ለማወቅ የጓጓ ሰው ቢኖር መርማሪው እዚያው አዲስ አበባ ነበር። እንደሚመስለኝ የጎደለው ጊዜ ሳይሆን ጉጉቱ ነው። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት «ጥፋቱ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የተከሳሹ ጠበቃ መስሎ ይታያል። ጥያቄ እንደ ወገንተኝነት ከተቆጠረ ደግሞ ውሳኔው ስብሰባው ሳይከፈት አልቋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚያች ሌሊት የፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ከፈራጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም። ከዓመታት በፊት በስደት አገር፣ በአንድ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ አንድ ወንድማችን እንዲሰናበት ሐሳብ ቀረበ። ደጋፊዎቹ ብዙ ነበሩ፤ እኔም እጄን አወጣሁ። ጥፋቱን የጠየቅሁት ከወጣ በኋላ ነው፤ ክሱም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ልጠይቀው ብሄድ፣ «ያን ቀን ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ዝም አለኝ።

ጥይትና ስንብት አይወዳደሩም። የእጄ አወጣጥ ግን ከዚያኛው ጉባኤ አወጣጥ በምን እንደሚለይ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።